ቆሞ የታመመ ጀነሬተር

መብራት ሲጠፋ ቤተሰቡ በሙሉ ወደ እኔ ይዞራል። ጀነሬተሩን «ለክፉ ቀን ይሆነናል» ብዬ ያስገዛሁት እኔ ነኝና። ያን ምሽትም የእጅ ባትሪ ይዤ፣ ደረቴን ነፍቼ ወደ ጓሮ ወጣሁ። ቁልፉን አዞርኩ። «ቀጭ» አለ። ደገምኩት። «ቀጭ»። ሌላ ድምፅ የለም። ባለቤቴ በመስኮት ብቅ ብላ «ምነው ዘገየህ?» ስትለኝ የምመልሰው ጠፋኝ።

ዕቃው ባለ 5 ኪሎዋት የቤንዚን ጀነሬተር ነው። በቁልፍም በገመድም ይነሳል። መብራት ሳይጠፋ ስምንት ወር ስለቆየ አንድም ቀን አላስነሳሁትም ነበር። ታዲያ ምን ሊሆን ይችላል? አልሠራ፣ አልደከመ። እኔ እንደዚያ ነበር የማስበው።

በማግስቱ ጎረቤቴ ጋ ሄጄ ቴስተር ተዋስኩ። ጡረታ የወጡ ኤሌክትሪሻን ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ቴስተሩን ሲሰጡኝ «ሳትለካ አንድም ዕቃ እንዳትገዛ» አሉኝ። ምክሩ ለእኔ ትንሽ ዘግይቷል። ባለፈው ዓመት ይኸው ቁልፍ ይኸው «ቀጭ» ሲለኝ ሮጬ አዲስ ባትሪ ገዝቻለሁ።

ባትሪውን ስለካው 11.3 ቮልት አሳየ። የሞላና ያረፈ ባትሪ 12.6 አካባቢ ማሳየት ነበረበት። ቁልፉን ሳዞር ደግሞ ወደ 7 ወረደ። በዚህ ጉልበት ሞተሪኖው፣ ሞተሩን የሚያስነሳው ትንሽ ሞተር፣ ሊዞር አይችልም። «አዲስ ባትሪ እንዴት በዓመቱ ይሞታል?» ብዬ ልናደድ ስል የጋሼ ቃል ትዝ አለኝ። ጀነሬተሩ ባትሪውን ከቤቱ መብራት እየወሰደ የሚሞላ ትንሽ ቻርጀር አለው። ቻርጀሩ ሶኬት ላይ ተሰክቶ ባትሪው ከ13 ቮልት በላይ መሆን ሲገባው የእኔው ከ11.3 ንቅንቅ አላለም። ቻርጀሩን ነቅዬ ከፈትኩት። የጣት ጫፍ የምታህል ፊውዝ ተቃጥላለች። በቃ። ያ ባለፈው ዓመት የጣልኩት ባትሪም ራሱ ጥፋት አልነበረበት ይሆናል፤ ረሃብ ነው የገደለው። ፊውዟን ቀይሬ ባትሪውን ሌሊቱን ሙሉ ሞላሁት። ጠዋት 12.7 ሆኖ ጠበቀኝ።

ሞተሪኖው አሁን እንደ ጉድ ይዞራል። ሞተሩም ቾክ ተስቦ ይነሳል። ቾኩን ስከፍት ግን እፍ ብሎ ይጠፋል። ደግሜ አስነሳሁት፣ ደግሞ ጠፋ። ብልጭታ የሚሰጠው ካንዴላ ነው ብዬ ቀየርኩ፤ ምንም ለውጥ የለም። ዘይት አንሶት ይሆናል ብዬ ሳልለካ ጨመርኩበት። (ብዙ ጀነሬተሮች ዘይት ሲያንስ ሞተሩን የሚያጠፋ ሴንሰር ስላላቸው ሐሳቡ መጥፎ አልነበረም። ግን ከመስመሩ አሳልፌ ሞልቼው ኖሮ፣ በኋላ ነጭ ጭስ እያጨሰ ጎረቤት አስደነገጠ። ትርፉን ማውጣት ነበረብኝ።)

ከዚያ ቁጭ ብዬ አሰብኩ። ቾክ ምንድነው የሚሠራው? አየሩን ያፍናል። አየር ሲታፈን ሞተሩ ብዙ ቤንዚን ይስባል። እንግዲህ በቾክ ብቻ የሚሠራ ሞተር «ቤንዚን አልደረሰኝም» እያለ ነው። ካንዴላው ጥፋት ቢኖርበት ኖሮ ቾክ ባልፈወሰው ነበር። ይህን ከመነሻው ባስብ ኖሮ ግማሽ ቀን እቆጥብ ነበር።

የነዳጁን መክፈቻ ዘግቼ፣ የባትሪውን ኔጋቲቭ ፈትቼ ቤንዚንና አየር የሚያቀላቅለውን ካርቡሬተር አወጣሁ። ከሥሩ ያለውን ሳህን ስፈታ ሽታው ፊቴን መታኝ። የቤንዚን ሽታ አይደለም፤ የቆየ ቀለም ይመስላል። ታች ላይ ቢጫ ማር የመሰለ ነገር ተጋግሯል። ቤንዚን ለወራት ሲቀመጥ ቀላሉ ክፍል ይተንና ከባዱ ሙጫ ሆኖ ይቀራል። ቤንዚኑን የምታሳልፈው ዋናዋ ጄት መሃል ላይ ትንሽ ቀዳዳ ያላት የነሐስ ብሎን ናት። ወደ ብርሃን አንስቼ ባያት ምንም አይታይም። በካርቡሬተር ማጽጃ ነከርኳት። ከኤሌክትሪክ ሽቦ አንዲት የመዳብ ክር መዝዤ በስሱ አሳለፍኩባት። በመርፌ ብጎረጉራት ቀዳዳዋ ይሰፋል፤ ከዚያ ወዲያ ቤንዚን ትጠጣለች እንጂ አትሠራም። ታንኩን አራግፌ አዲስ ቤንዚን ሞላሁ፤ ገጣጠምኩት።

ተነሳ! ቾኩን ከፈትኩት፣ አልጠፋም። ግን «ዉዉዉም... ዉዉም... ዉዉዉም» እያለ ከፍ ዝቅ ይላል። ጄቷን ሳጸዳ ሁለተኛዋን፣ ጭነት በሌለበት ጊዜ የምትሠራውን ትንሿን ጄት ዘልያታለሁ። በእኔ ካርቡሬተር ላይ ከአንዲት ጥቁር ፕላስቲክ ሥር ተደብቃ ተገኘች። ሁለተኛው ፍታታ ሃያ ደቂቃ ብቻ ፈጀ፤ የመጀመሪያው ሦስት ሰዓት ወስዶብኛል። ከዚያ በኋላ ሞተሩ ቀጥ ብሎ ዘፈነ።

ደስታዬ ግን አልቆየም። አምፖል ሰካሁ፤ አልበራም። በቴስተር ስለካ 4 ቮልት። እዚህ ላይ እጄን ሰጠሁና ጋሼን ጠራኋቸው። መጡና ንባቡን አይተው ፈገግ አሉ። «ጥሩ ነው» አሉኝ። ምኑ ነው ጥሩ? ነገሩን ሲያስረዱኝ እንዲህ ነው። ሮተር በሚባለው የሚዞር ክፍል ብረት ውስጥ ትንሽ ማግኔትነት ተርፎ ይቀራል። ሞተሩ ሲዞር መጀመሪያ ጥቂት ቮልት የምትሰጠው እሷ ናት። ከዚያ ኤቪአር የሚባለው መቆጣጠሪያ ያችን ጥቂት ተቀብሎ የሮተሩን ቀለበቶች እየነኩ ኤሌክትሪክ በሚያሳልፉ ሁለት ካርቦኖች በኩል ወደ ሮተሩ ይልካል፤ ማግኔቱ ይጠነክራል፤ ቮልቱ ወደ 230 ይወጣል። 4 ቮልት ካለ ማግኔቱ አልጠፋም። መንገዱ የሆነ ቦታ ተቆርጧል።

እኔ ኤቪአር ልገዛ ወስኜ ነበር። እሳቸው ግን ሞተሩን አስጠፉና የኋላውን ክዳን አስከፈቱኝ። የካርቦኖቹን ሽቦ አስነቅለው ኦሆም (የኤሌክትሪክ መቋቋም) አስለኩኝ። ንባቡ አንዴ ይመጣል፣ አንዴ ይጠፋል። «አሁን ካርቦኖቹን አውጣና ቀለበቶቹን ራሳቸውን ለካ» አሉኝ። 58 ኦሆም፣ ፀጥ ብሎ ቆመ። ስለዚህ የሮተሩ ጥቅል ደህና ነው፤ ችግሩ ካርቦኖቹ ቀለበቱን በደንብ አለመንካታቸው ላይ ነው። ቀለበቶቹ በእርጥበት ጠቁረዋል። አንዱ ካርቦንም ቤቱ ውስጥ ተጣብቆ ወደፊት አይገፋም። ቀለበቶቹን በደቃቅ ብርጭቆ ወረቀት በስሱ አሸን፣ ካርቦኑን አላቀን መለስነው። አስነሳሁት፦ 231 ቮልት። ለዚህኛው ጥገና ምንም ዕቃ አልገዛንም።

ቮልት ብቻ አይበቃም፤ ኸርዙንም፣ ማለትም ኤሌክትሪኩ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚመላለስ፣ አየን። 50 ኸርዝ በሚጠቀም አገር እንዲህ ያለ ጀነሬተር በደቂቃ 3000 ዙር መዞር አለበት፤ 60 በሚጠቀም 3600። ባዶውን 52 አሳየ። 2000 ዋት የውሃ ማፍያ ስንሰካበት 50.5 ላይ ተረጋጋ። ጭነት ሲመጣ ትንሽ መውረዱ ጤነኛ ነው።

አንድ የማፍርበት ነገር ልናገር። ዝናብ ስለነበር የመጀመሪያውን ሙከራ ያደረግኩት ጋራዥ ውስጥ ነው፣ በሩን በግማሽ ከፍቼ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ራሴን ፈለጠኝ፤ ድካም መስሎኝ ነበር። ከማርሚታው የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም፤ ክፍት በርም አያድንም። ጀነሬተር ውጭ ነው የሚሠራው፣ ከበርና ከመስኮት ቢያንስ 6 ሜትር ርቆ፣ የጭሱ አፍ ወደ ቤት ሳይዞር። አሁን ቤት ውስጥ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ሰቅያለሁ።

ሌላው የቤቱ ግንኙነት ነው። በሁለት በኩል ሹካ ያለው ገመድ ሠርተው ጀነሬተሩን ከግድግዳ ሶኬት ጋር የሚያገናኙ ሰዎች አሉ። ኧረ ተዉ! ኃይሉ በመስመሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ትራንስፎርመር ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ነው የሚሠራው፤ ከቤት የሄደውን 230 ወደ ሺዎች ቮልት ያሳድገዋል። ምሰሶ ላይ ያለው ሠራተኛ መስመሩ ሞቷል ብሎ ይነካዋል። የእኔ ቤት በቼንጅ ኦቨር ነው የሚሠራው፦ ወይ ዋናው መስመር፣ ወይ ጀነሬተሩ፤ ሁለቱ አይገናኙም። እሱን የገጠመው ባለሙያ ነው። ይህን ሥራ በራሴ አልሞክረውም።

ሰርቪሱ ከዚህ ሁሉ ጋር ሲነጻጸር ቀላል ነው። ዘይቱን በየ100 ሰዓት ሥራ እቀይራለሁ፤ ሰዓቱ ባይሞላም በዓመት አንዴ። አዲስ ሞተር ግን የመጀመሪያውን ዘይት በ20 ሰዓት ገደማ መድፋት አለበት፣ የብረት ብናኝ ስለሚኖረው። የአየር ማጣሪያውን አራግፋለሁ፤ የካንዴላውን ክፍተት 0.7 ሚሊሜትር መሆኑን አያለሁ። በወር አንዴ አስነስቼ ማፍያውን ሰክቼ ሃያ ደቂቃ አሠራዋለሁ። ባዶውን ማስጮህ ብዙም አይጠቅምም። ስጨርስ ማፍያውን ነቅዬ የነዳጁን መክፈቻ እዘጋና ሞተሩ በራሱ እስኪጠፋ እጠብቃለሁ፤ ያን ጊዜ ካርቡሬተሩ ውስጥ ሙጫ የሚሆን ቤንዚን ብዙም አይተርፍም። ባትሪውን ለክቼ ቁጥሩን ክዳኑ ላይ በለጠፍኩት ወረቀት እጽፋለሁ።

ባለፈው ወር መብራት ሲጠፋ እንደገና ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ። ባትሪ 12.7። ቁልፉን አዞርኩ። ሞተሪኖው ዞረ፣ ዞረ፣ ዞረ፤ ሞተሩ ግን አልነሳ አለ። ላብ አጠመቀኝ። ካርቡሬተሩን ልፈታ ካቻቢቴ ፍለጋ ስገባ ባለቤቴ ከሶፋው ላይ ቀና ሳትል «ነዳጁን ከፍተኸዋል?» አለችኝ። አሁን ቁልፉ ላይ «ነዳጅ ክፈት» የሚል ፕላስተር ተለጥፏል። ጽሕፈቱ የእሷ ነው።