ጣቴን ለምን ፈለግኸው?

ለማስተርስ ጥናቴ የጣና ዳር ዓሣ አጥማጆችን ስለ ዋልታ በረዶ ልጠይቅ ነው ስል ጓደኞቼ ሳቁብኝ። ነገሩ ግን ሩቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1783 አይስላንድ ውስጥ ላኪ የተባለው እሳተ ገሞራ ድኝ ሲተፋ፣ ተመራማሪዎች በዚያው ዘመን የዓባይ ውሃ ማነሱን ከዚያ ጋር ያያይዙታል። ዛሬ ደግሞ የሰሜን ዋልታን (የአርክቲክን) በረዶ ለማቆየት፣ የፀሐይን ጨረር እንዲመልስ ድኝ ሆን ብለን ሰማይ ላይ እንርጭ የሚሉ አሉ።

የትብብር ደብዳቤ አወጣሁ፣ መጠይቅ አባዛሁ፣ በጀልባ ዘጌ ተሻገርኩ። እስከዚህ ደህና ነበር።

ጉዴ የመጣው በፈቃደኝነት ቅጹ ነው። «ያለ ፊርማ መረጃህ ዋጋ የለውም» ብሎ አራት ቀን ያመላለሰኝን ቢሮ እስካሁን አልረሳሁትም። ሰባት ሰዎች ዋርካ ሥር መረብ ይጠግናሉ። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ሁለት ገጽ ቅጽና የማኅተም ቀለም አወጣሁ። አንድ አዛውንት ቀለሙን አየት አድርገው፣

«ደመናውን ልትነኩት ነው?» አሉኝ።

«ኧረ አባባ፣ ወረቀት ብቻ ነው።»

«ወረቀት ብቻ ከሆነ ጣቴን ለምን ፈለግኸው?»

መልስ አጣሁ። መረባቸውን ጠቅልለው ተነሡ፤ ሌሎቹም ተከተሏቸው። በባዶ እጄ ተመለስኩ፤ የጀልባው ሂሳብ ግን አልቀረልኝም።

የሚያናድደኝ የራሴ ነገር ነው። ምዕራፍ ሁለት ላይ የሃርቫርድ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2021 ለዚሁ የርጭት ምርምር ስዊድን ኪሩና ላይ ፊኛ ሊያስወነጭፉ ሲሉ የአካባቢው ነባር ሕዝብ የሆነው የሳሚ ሕዝብ ምክር ቤት «ሳትጠይቁን?» ብሎ እንደተቃወመና ሙከራው እንደቀረ ጽፌያለሁ። ያ በረራ ድኝም ሆነ ሌላ ብናኝ የሚረጭ እንኳ አልነበረም፤ መሣሪያ ለመፈተሽ ብቻ ነበር። ይህን በአድናቆት ጽፌ ስመለስ ያደረግሁት ያንኑ ነው።

መመሪያው አስቀድመህ አስፈርም ይላል። አትስሙት። ሁለተኛ ጊዜ ያለ ወረቀት፣ በቀጥታ አዛውንቱ ቤት ሄድኩ። ቡናው ሦስተኛ እስኪወርድ ሥራዬን አላነሣሁም። ከዚያ እኔንም እሳቸውንም የሚያውቅ አንድ ሰው ባለበት በቃል ፈቀዱልኝ፤ ድምፃቸውን ቀዳሁ።

በረዶ ላይ ጥቃቅን የመስታወት ዶቃ በትኖ ፀሐይን ስለ መመለስ ሳወራ፣ ገና ሳልጨርስ አንዱ አጥማጅ «ዓሣው ቢውጠውስ?» አለ። ይህን ሐሳብ ይሠራበት የነበረው የአሜሪካ ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2025 ሥራውን ሲያቆም፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ምርመራው ለአርክቲክ የምግብ ሰንሰለት አደጋ ሊኖረው እንደሚችል ማሳየቱ ነበር። ይህን ስነግረው ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ወደ መረቡ ተመለሰ።

ቅጂው እጄ ላይ ነው። ቢሮው ግን ፊርማ የለውም ብሎ እስካሁን አልተቀበለውም።