አስር ሰከንድ ስንት ያወጣል?

እሁድ ማታ፣ ጎንደር

የአውሮፓ ውድድሮች በእኛ ሰዓት ከቀኑ 10 ላይ ስለሚጀምሩ፣ ፒያሳ ላይ የፎርሙላ ዋን የመኪና እሽቅድምድም ክርክር የሚግለው ጀምበር ስታዘቀዝቅ ነው። ሁለተኛው ቡና ሳይቀዳ "ዳኞቹ ያዳላሉ" ይባላል። አንዱ ሃሚልተን ተበደለ ይላል፣ ሌላው ቨርስታፐን። በፋሲለደስ ስታዲየም ፊሽካ እየሰማ ላደገ ተመልካች ንዴቱ ይገባኛል። እዚያ ዳኛው ሜዳው ውስጥ ነው፤ ሲሳሳትም ፊቱ ይታያል። እዚህ ግን ፍርዱ ከማይታይ ክፍል ይመጣና በቴሌቪዥኑ ጥግ አንድ መስመር ጽሑፍ ሆኖ ያልፋል። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ ትቆጨኛለች" የሚል ሕዝብ፣ ምክንያቱ ያልተነገረውን የአምስት ሰከንድ ቅጣት ዝም ብሎ አይውጥም።

እኔ የማድላቱን ክስ አላምንም። የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው፤ ቅጣቱ በሰከንድ እኩል ሆኖ በዋጋ እኩል አለመሆኑ።

መጀመሪያ ስለ ፈራጆቹ። ስቲዋርድ የሚባሉት ሦስት ወይም አራት ሰዎች ናቸው፤ አንዱ የቀድሞ ተወዳዳሪ፣ አንዱ ደግሞ የአዘጋጁ አገር የሞተር ስፖርት ማኅበር የሚወክለው ነው። ከውድድር ውድድር ይቀያየራሉ። የውድድር ዳይሬክተሩ ሌላ ሰው ነው፤ እሱ ጉዳዩን ይመራላቸዋል እንጂ ቅጣት አይወስንም። ብዙ ሰው ሁለቱን ያምታታል። ዳኞቹ ፊት የመኪናው ካሜራ ምስል፣ የፍሬንና የመሪ መረጃ፣ የሬዲዮ ንግግርም አለ። የሌላቸው ጊዜ ነው። ውድድሩ እየሄደ ሹፌሩን ጠርተው "አንተስ ምን ትላለህ?" ማለት አይችሉም። ሹፌር ሳይሰማ የሚሰጠው ቅጣት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 10 ሰከንድ ነው።

አፈጻጸሙ ቀላል ይመስላል። መኪናው ለጎማ ቅያሪ ፒት ሲገባ ሰከንዱ ተቆጥሮ እስኪያልቅ ማንም ሥራ አይጀምርም። ከዚያ በኋላ ካልገባ ሰከንዱ በመጨረሻ ሰዓቱ ላይ ይደመራል። ቀላል መምሰሉ ነው ጉዱ። እ.ኤ.አ. በ2023 ጄዳ ላይ አሎንሶ በመነሻ ሳጥኑ ውስጥ በትክክል ባለመቆሙ 5 ሰከንድ ተቀጣ። ቅጣቱን ቆሞ ሲቆጥር የኋላው ክሪክ መኪናውን ነካ። ክሪክ መንካት "ሥራ" ነው ተባለና ሌላ 10 ሰከንድ ተጨመረበት፤ ሦስተኛነቱን ተቀማ። ቡድኑ ክሪክ ነክቶ ያልተቀጡ ሰባት መኪናዎችን በምስል አቀረበ፤ ሦስተኛነቱ ተመለሰ። ያ ሙግት እንደ ድሮው በላ ልበልሃ ነበር፤ ያሸነፈው የቀድሞ ፍርድን ቆጥሮ ያቀረበው ነው። እኔ ግን ከፍርዱ ይልቅ የሚከነክነኝ "ሥራ" የሚለው ቃል ትርጉም ሳይቆረጥለት ለዓመታት መቆየቱ ነው።

ወደ ዋጋው ልመለስ። እንግሊዝ፣ ሲልቨርስቶን 2021፣ የመጀመሪያው ዙር፣ ኮፕስ የሚባለው ፈጣን ኩርባ። ሃሚልተን የቨርስታፐንን የኋላ ጎማ ነካ፤ ቨርስታፐን በ51 ጂ (የመሬት ስበት 51 እጥፍ) ኃይል ግንብ መታና ሆስፒታል ሄደ። ሃሚልተን 10 ሰከንድ ተቀጣ፤ ፒት ውስጥ ቆጠራት፤ ከ52ቱ ዙር በ50ኛው ላይ ሌክሌርን ቀድሞ አሸነፈ። "ሰው ሆስፒታል አስገብቶ ዋንጫ አነሳ" የሚለው ቁጣ ከዚህ ነው የመጣው። ዳኞች የሚመዝኑት ድርጊቱን እንጂ ያስከተለውን ጉዳት አይደለም፤ ይህን ደንብ እደግፈዋለሁ። ያው ንክኪ አንዱን ግንብ ላይ ይጥለዋል፣ ሌላውን ጎማ አስተንፍሶ ብቻ ያልፈዋል፤ በዕድል ሰው አይቀጣም። ችግሩ 10ሩ ሰከንድ ለፈጣን መኪና በሃያ ዙር ውስጥ የሚመለስ ብድር መሆኑ ነው። መኪኖች ተጠጋግተው በሚሄዱበት የመሐል ሰልፍ ላለ ሹፌር ግን ያችው 10 ሰከንድ አምስት ስድስት ቦታ ትወስድበታለች።

ይባስ ብሎ ቅጣቱ የሚገዛ ዕቃ ሊሆን ይችላል። ጄዳ 2024 ላይ ማግኑሰን ሁለት ጊዜ 10 ሰከንድ ተቀጣ፤ አንዱ ከአልቦን ጋር በመጋጨቱ፣ ሌላው ሱኖዳን ከመንገድ ወጥቶ በመቅደሙ። ሃያ ሰከንድ ከተሸከመ በኋላ የራሱ ውጤት እንደሞተ ያውቃል። ስለዚህ ከኋላው ያሉትን ሁሉ አዘግይቶ ያዘ። የቡድን ጓደኛው ሁልከንበርግ በተፈጠረው ክፍተት ፒት ገብቶ ወጣ፣ አስረኛ ሆኖ አንድ ነጥብ አገኘ። ከሱኖዳ የተቀማው ቦታ በሕገወጥ መንገድ የተያዘ ነበር፤ ቦታው ግን አልተመለሰም፣ ዋጋው ብቻ ተከፈለ። የሒሳቡ ማወራረጃ የመጣው በቅጣት ነጥብ ነው፤ በ12 ወር ውስጥ 12 የቅጣት ነጥብ የሞላ አንድ ውድድር ይታገዳል። ማግኑሰን በዚያው ዓመት ሞንዛ ላይ ሞላና ቀጣዩ የባኩ ውድድር አመለጠው፤ ነጥቡ በ2014 ከተጀመረ ወዲህ በዚህ የታገደ የመጀመሪያው እሱ ነው።

ዛንድቮርት 2025 ደግሞ ተገላቢጦሹ ነው። ሳይንዝ ከሎውሰን ጋር ተነካክቶ 10 ሰከንድ ተቀጣ፣ ውድድሩ ላይ ቆጥሮ ጨረሰ። ቡድኑ እንደገና ይታይልን አለ። ለዚህ በር የሚከፍተው አዲስ፣ ጠቃሚና በፍርዱ ጊዜ ያልነበረ ማስረጃ ብቻ ነው፤ የ360 ዲግሪ ካሜራው ምስል ይህን አሟላ። ሁለት ሳምንት ገደማ ቆይቶ ማንም ይበልጥ ጥፋተኛ አልነበረም ተባለ። የቅጣት ነጥቡ ተሰረዘለት። አስሩ ሰከንድስ? የተቆጠረ ሰከንድ መመለሻ የለውም። የውድድር ውስጥ ቅጣት ይግባኝ የማይባልበት መሆኑን ሳስብ፣ ይህ ነው በእውነት ጭብጦ ማለት።

ስለ ደርቦ መቅደም ሕጉ አንድ ነገር መጻፍ አለብኝ፣ ማታ ማታ የምንጯጯኸው በእሱ ስለሆነ። በ2025 ሰኔ በወጣው መመሪያ መሠረት፣ በውስጥ በኩል የሚቀድም ሹፌር ቦታ ይገባኛል ለማለት ወደ ኩርባው የውስጥ ጫፍ ሲደርስ የፊት አክስሉ ቢያንስ ከተቀዳሚው ስፖኪዮ ጋር መስተካከል አለበት። በውጭ በኩል ከሆነ ግን ይከብዳል፤ የፊት አክስሉ ከሌላው የፊት አክስል መቅደም አለበት። ከአዘዞ ሽቅብ ለሚነዳ የባጃጅ ሹፌር ይህን ብትነግሩት ወዲያው ይገባዋል፤ "በስፖኪዮህ ታይቻለሁ፣ ቦታ ስጠኝ" ማለት ነው። የሚበላሸው ግን የሚከላከለው ሹፌር ፍሬኑን ዘግይቶ ይዞ ጫፏን ብቻ ቀድሞ ለመንካት ሲሮጥ ነው። ጫፏን ነካ፣ ከዚያ መኪናው ሳይታጠፍ ሁለቱም ከነጩ መስመር ወጡ።

ኦስቲን 2024 ይኸው ነበር። ለእኛ እኩለ ሌሊት ገደማ፣ 52ኛው ዙር፣ 12ኛው ኩርባ። ኖሪስ በውጭ በኩል ሄደ፣ ቨርስታፐን ሳይታጠፍለት እሱም ወጣ፣ ኖሪስ ከመስመር ውጭ ቀደመው። 5 ሰከንድ የተቀጣው ኖሪስ ብቻ ነው። ቀድሞ ቢገባም ልዩነቱ ከአምስት ሰከንድ በታች ስለነበር ሦስተኛነቱን አጣ። በወረቀት ፍርዱ ትክክል ነው፤ ኖሪስ በጫፏ ላይ እኩል አልነበረም። እኔ ግን ራሱም መንገዱ ላይ መቆየት ያልቻለ ተከላካይ "ጫፏ የእኔ ነበረች" ማለት የለበትም እላለሁ፤ በዚህ አልለወጥም።

መሬት ራሱ ሲፈርድ ክርክር የለም። ኦስትሪያ 2023 ላይ ከ1,200 በላይ የመስመር መውጣት ጥርጣሬ ለውድድሩ መቆጣጠሪያ ክፍል ቀረበ፤ ውድድሩ ካለቀ ከሰዓታት በኋላ ስምንት ሹፌሮች ተቀጡና ውጤቱ ተገለባበጠ። በቀጣዩ ዓመት የመጨረሻዎቹ ሁለት ኩርባዎች ዳር የጠጠር ንጣፍ ተደረገ። ጠጠር የረገጠ በዚያው ቅጽበት ጊዜ ያጣል።

ጠጠር በሌለበት ሁሉ፣ ሰከንዱ ይቅርና ቦታው ይመለስ ባይ ነኝ። ይህም ጣጣ አለው። ጄዳ 2021 ላይ ቨርስታፐን ለሃሚልተን ቦታ ልመልስ ብሎ ከመጨረሻው ኩርባ በፊት ሲቀዘቅዝ፣ ሁለቱም የዲአርኤሱን መስመር ቀድሞ ማለፍ አልፈለጉም፤ ዲአርኤስ ከኋላ ሆኖ መስመሩን ያለፈ መኪና የኋላ ክንፉን ከፍቶ እንዲፈጥን የሚፈቅድ ነበር። ቨርስታፐን በ69 ባር ግፊት በኃይል ፍሬን ያዘ፤ ሃሚልተን ከኋላ ገጨው። ስለዚህ ቦታ የሚመለስበት ቀጥታ መንገድ ከውድድሩ በፊት በካርታ ላይ ምልክት ይደረግበት፣ ትእዛዙም በሁለት ዙር ውስጥ ይምጣ። ሞንትሪያል 2019ን በዚህ ልመዝነው። ቬትል በ48ኛው ዙር ሣር ላይ ወጥቶ ሲመለስ ሃሚልተንን ወደ ግንቡ አጠበበው፤ 5 ሰከንድ ተቀጥቶ በ1.342 ሰከንድ ቀድሞ የገባበትን ውድድር በ3.658 ተሸነፈ። "ቦታውን መልስ" ቢባል ኖሮ መልሶ ለመቅደም ከ20 በላይ ዙር ነበረው።