ወደ ቀኝ የሄደው መስመር

ዛሬ ምሳዬን ሐዋሳ፣ ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ ከአሞራ ገደል በላሁ። ሁዳዴ ስለሆነ ሰዉ ጉድ ነው። ዓሣው ተወዷል፣ መቀመጫ ግን የለም። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ እንደ ልማዳቸው ከሰው እግር ሥር ቆመው የሚጣልላቸውን አንጀት ይጠብቃሉ። ተራዬ እስኪደርስ ቆሜ ሳለ የአንደኛ ዓመት ነገር ትዝ አለኝና ብቻዬን ሳቅኩ።

2006 ዓ.ም. ነው። እዚሁ ሐዋሳ ኢኮኖሚክስ ጀምረናል። ያኔ ሁሉ ነገር አንድ ለአምስት ነበር። ውጤት አለው ተብዬ "አንዱ" እኔ ሆንኩ። የግሩፕ አሳይመንት ሲሰጠን ጥያቄው አምስት፣ እኛ ስድስት። አምስታችን አንድ አንድ እንከፋፈላለን። ስድስተኛው ሁልጊዜ "ስሜን ብቻ አስገባልኝ" ባይ ነው። በዋዜማው ማታ ሁሉም ድርሻውን በፍላሽ ያመጣል፣ እኔ እገጣጥመዋለሁ። የአንዱ ፊደል ትልቅ፣ የሌላው ትንሽ። እውነቱን ለመናገር ደስ ይለኝ ነበር። ከሰው ጋር ከመጨቃጨቅ ይቀላል፤ ጎበዝ መባልም አይጠላም።

ይህን ያፈረሰብን አንድ መምህር ነው። "አቅራቢውን በዕጣ ነው የማወጣው፤ የሱ ውጤት የሁላችሁም ነው" አለ። ክፍሉ ተንጫጫ። ከሁሉ በላይ የተናደድኩት እኔ ነኝ። ዕጣው ስሜን አስገባልኝ ባዩ ላይ ቢወጣስ?

ማታ ባዶ ክፍል ፈልገን ገባን። ቾክ አንስቼ ዋጋን ወደ ላይ፣ የሚገዛውን መጠን ወደ ጎን አድርጌ የፍላጎትን መስመር ከግራ ላይ ወደ ቀኝ ታች ሳብኩት። "ዋጋ ሲጨምር የሚገዛው ይቀንሳል። አለቀ" አልኩ።

አንዲት ዝምተኛ የይርጋለም ልጅ ነበረች፤ ሴሚስተሩን ሙሉ ድምጿን ሰምተን አናውቅም። "አክስቴ አሞራ ገደል ዓሣ ትሸጣለች" አለች። "በሁዳዴ ዋጋው ይጨምራል፣ ገዢውም ይበዛል። ታዲያ የአንተ መስመር ውሸቱን ነው?"

ቾኩን እንደያዝኩ ቀረሁ። መልሱ ሃንድአውቱ ላይ አለ፤ አስምሬበታለሁ፣ ሸምድጄዋለሁም። የሷ ዓሣ እዚያ ውስጥ እንዳለ ግን አላወቅኩም ነበር። ከዚያ ሁሉም ገባበት። መጀመሪያ "ዓሣ የጾም ነው፣ አይደለም" በሚል ሌላ ጭቅጭቅ ሩብ ሰዓት ሄደ። እሷ አይደለም ባይ ናት፣ የዓሣ ሻጭ ዘመድ ሆና! በመጨረሻ ያ ስሜን አስገባልኝ ባዩ ተነሳ። "ሰዉን ያመጣው ዋጋው አይደለም እኮ፣ ጾሙ ነው። ዋጋውን የሰቀለው ደግሞ ሰዉ ነው።" ቾኩን ከእጄ ወስዶ ከእኔ መስመር በስተቀኝ ሌላ መስመር አሰመረ፤ በዚያው ዋጋ የሚገዛው በዛ ማለት ነው። ዋጋ ሲለወጥ በአንድ መስመር ላይ መውጣትና መውረድ ሌላ፣ መስመሩ ራሱ ተነስቶ መሄዱ ሌላ። ለፈተና የሸመደድኩት ነገር ያን ማታ ገባኝ።

መምህሩ በኋላ ስንነግረው የሃርቫርዱን የፊዚክስ መምህር የኤሪክ ማዙርን ነገር አጫወተን። ሰውየው በ1991 እ.ኤ.አ. ክፍል ውስጥ ጥያቄ መስጠት ጀመረ፤ ተማሪው መጀመሪያ ለብቻው መልስ ይመርጣል፣ ከጎኑ ካለው ጋር ይከራከራል፣ ከዚያ እንደገና ይመርጣል። ክርክሩ የሚጠቅመው አሁን ገና የገባው ልጅ የት ጋ ተደናቅፎ እንደነበር ስላልረሳ ነው። መምህር ግን ከረሳው ቆይቷል።

ከዚያ ወዲያ ተለወጥን ማለቴ አይደለም። በሚቀጥለው ሴሚስተር ዕጣው ሲቀር ወደ ፍላሻችን ተመለስን። ስድስት ሰውም ይበዛል፣ የሚደበቅ አይጠፋም።

ዓሣዬ እስኪጠበስ ለይርጋለሟ ልጅ ጻፍኩላት። "መስመሩ ዛሬም ወደ ቀኝ ሄዷል።"

ወዲያው መለሰች። "ዓሣ ግን አሁንም የጾም አይደለም።"