ኤክስፖርት ያደረጋችሁት ቫሪያብል የት ይገባል?

ተርሚናል ላይ «ኤክስፖርት ኤዲተር=ቪም» ብላችሁ ኢንተር ስትመቱ ቫሪያብሉ (ስም የተሰጠው እሴት፤ እዚህ «ኤዲተር» የሚለው ስም «ቪም» የሚባለውን የጽሑፍ ማረሚያ ይይዛል) ዕድሜው ያ ሼል (ትእዛዞቻችሁን ተቀብሎ የሚፈጽመው ፕሮግራም) እስኪዘጋ ነው። (ትእዛዞቹን እዚህ በድምፃቸው ጽፌያቸዋለሁ፤ ስትተይቡ በላቲን ፊደል ነው፣ የቫሪያብል ስም በትልቁ።) ኤክስፖርት የሚሠራው ከዚያ ሼል ለሚነሱ ፕሮግራሞች ማውረስ ብቻ ነው። ልጅ ከወላጁ ይወርሳል እንጂ ወላጅ ከልጁ አይወርስም፤ አጠገቡ የተከፈተው መስኮትም ምንም አይደርሰው። እንዲቆይ ከተፈለገ መስመሩ ሼሉ ሲነሳ በሚያነበው ፋይል ውስጥ መግባት አለበት። ጣጣው የትኛው ፋይል የሚለው ነው።

ባሽ (ሊኑክስ ላይ የተለመደው ሼል) ሎግኢን ሼል ሆኖ፣ ማለትም ተጠቃሚ ሲገባ የሚከፈተው ሼል ሆኖ ሲነሳ፣ ለምሳሌ በኤስኤስኤች ከሌላ ኮምፒውተር ስትገቡ፣ መጀመሪያ «/ኢቲሲ/ፕሮፋይል»ን ያነባል። ከዚያ ሆም ፎልደራችሁ ውስጥ «.ባሽ_ፕሮፋይል»፣ «.ባሽ_ሎግኢን»፣ «.ፕሮፋይል» እያለ በተራ ይፈልግና ቀድሞ ያገኘውን አንዱን አንብቦ ያቆማል። ኡቡንቱ ላይ አብሮ የሚመጣው «.ፕሮፋይል» ነው። አንድ ኢንስቶለር «.ባሽ_ፕሮፋይል» ፈጥሮ ሁለት መስመር ከጻፈበት የድሮው ፋይል ሳይነካ ሳይሰረዝ መነበቡ ይቀራል፤ የስህተት መልእክት እንኳ አይወጣም። አዲሱ ፋይል ውስጥ «. ~/.ፕሮፋይል» የሚል መስመር ጨምሩ፣ ይፈታል።

ሊኑክስ ዴስክቶፕ ላይ የሚከፈተው ተርሚናል ግን አብዛኛውን ጊዜ ሎግኢን አይደለም፤ «.ባሽአርሲ»ን ነው የሚያነበው። ማክ ከካታሊና (2019) ወዲህ ዜድኤስኤች የሚባል ሌላ ሼል ስለሚጠቀም እዚያ «.ዜድኤስኤችአርሲ» ይበቃል።

በእኩል ምልክቱ ግራና ቀኝ ክፍተት አታስገቡ። «ኤዲተር = ቪም» ካላችሁት ሼሉ «ኤዲተር»ን እንደ ትእዛዝ ቆጥሮ አላገኘሁም ይላል። በነጠላ ጥቅስ ውስጥ ያለ «$ሆም» (የሆም ፎልደራችሁ አድራሻ) አይተረጎምም፣ እንዳለ ይቀመጣል።

ፓዝ (ሼሉ ትእዛዞችን የሚፈልግባቸው ፎልደሮች ዝርዝር) ላይ ጥንቃቄ ያሻል፦ «ኤክስፖርት ፓዝ="$ሆም/ቢን:$ፓዝ"»። መጨረሻ ላይ ያለችውን «$ፓዝ» ከረሳችኋት አዲስ መስኮት ስትከፍቱ ፋይል የሚዘረዝረው «ኤልኤስ» እንኳ ይጠፋል። አትደንግጡ፤ ኤክስፖርት የሼሉ የራሱ ትእዛዝ ስለሆነ አሁንም ይሠራል። «ኤክስፖርት ፓዝ=/ዩኤስአር/ቢን:/ቢን» በሉና ፋይሉን ከፍታችሁ አስተካክሉ።

«ሶርስ ~/.ባሽአርሲ» ፋይሉን እዚያው ሼል ውስጥ ደግሞ አንብቦ ለውጡን ወዲያው ያመጣል፣ በደገማችሁት ቁጥር ግን ያው ፎልደር ፓዝ ላይ ይደረደራል። ጉዳት የለውም፣ ያስጠላል እንጂ። እርግጠኛ ለመሆን አዲስ መስኮት ከፍታችሁ «ፕሪንትኢኤንቪ ኤዲተር» በሉ፤ እሴቱን ያሳያችኋል።

«/ኢቲሲ/ኢንቫይሮንመንት» ለሁሉም ተጠቃሚ ይሆናል፤ ስክሪፕት ስላልሆነ ግን ኤክስፖርት አይጻፍበትም፣ «$ፓዝ»ም አይተረጎምበትም። ክሮን (ሥራዎችን በተወሰነላቸው ሰዓት የሚያስነሳው ፕሮግራም) ደግሞ ከሆም ፋይሎቻችሁ አንዱንም አያነብም፤ ለእሱ የሚያስፈልገውን ክሮንታቡ (የሥራዎቹ ዝርዝር ፋይል) አናት ላይ ጻፉ።