ለእማዬ የማይነበበው ገጽ

ሐምሌ 2017 ዓ.ም ከሚኒያፖሊስ ጎንደር ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ ሰባት መጻሕፍት ነበሩ። ሁሉም ለእህቴ ልጅ ናቸው። አሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ መስከረም ላይ ስምንተኛ ክፍል ይገባል። እህቴ ዓመቱን ሙሉ በስልክ "ልጁ ማንበብ እምቢ አለኝ፤ ሚኒስትሪ ደግሞ ደረሰበት" ስትለኝ ነበር። እኔ የምሠራው አንድ መለስተኛ ትምህርት ቤት ውስጥ፣ ንባብ የከበዳቸውን ልጆች በማስጠናት ነው። እንጀራዬ ስለሆነ የማይከብደኝ መስሎኝ ነበር።

መጻሕፍቱ ጠረጴዛ ላይ እንደተደረደሩ ሳምንት አለፋቸው። "እስቲ አንድ ገጽ" ስለው ዓይኑን ያመዋል። ወይም ውሃ ሊቀዳ ይነሳል። ዶፍ እየጣለ እንኳ ይወጣል። ሰነፍ ልጅ ግን አይደለም። የጎረቤቱን ሳይክል ፈታቶ ሲገጥም ግማሽ ቀን ከቦታው አይነቃነቅም።

አንድ ቀን ፋሲል ግቢ ይዤው ሄድኩ። የጻድቁ ዮሐንስ ቤተ መጻሕፍት ፊት ስንቆም ሆዴ ባባ። ንጉሡ ለመጻሕፍት ብሎ ቤት ያሠራበት ከተማ ልጆች እኮ ነን። ይዤው የነበረውን ወረቀት ሰጠሁትና "ጮክ ብለህ አንብብልኝ" አልኩት። አጠገባችን እኩዮቹ ነበሩ። ሁለት ቃል አነበበ። ሦስተኛው ላይ ተደናቀፈ። አንዱ ልጅ ሳቀ። ቀሃ ኢየሱስ አካባቢ ያለው ቤታችን እስክንደርስ ትንፍሽ አላለም። ጥፋቱ የእኔ ነበር። ለሌላ ሰው ልጅ የማላደርገውን በገዛ ሥጋዬ ላይ አደረግሁት።

ማታ እህቴን ቁጭ አድርጌ ጠየቅኋት። መጋቢት 2012 በኮሮና ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጁ ሁለተኛ ክፍል ነበር። ፊደል ከመልቀም ወደ ማንበብ የሚሻገርበት ሰዓት ማለት ነው። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። ከዚያም በፀጥታው ችግር ትምህርቱ እየተቋረጠ፣ እየተቀጠለ ከረመ። እሱ በየዓመቱ ክፍል አለፈ። ንባቡ ግን እዚያው ሁለተኛ ክፍል ቀረ። ይህን ከእኩዮቹ ሲደብቅ ነው "ማንበብ አልወድም" የሚለው። አሥራ ሦስት ዓመት ላይ "አልወድም" ማለት "አልችልም" ከማለት ይቀላል።

ፊደል በፊደል የሚያነብ ልጅ ልቡ ሁሉ ፊደሉ ላይ ያልቃል፤ ለትርጉሙ የሚተርፈው ነገር የለም። በአማርኛ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። "ይመታል" የሚለውን አይቶ መቺው ይሁን ተመቺው ለማወቅ የዓረፍተ ነገሩን አካሄድ መያዝ ያስፈልጋል። ቀስ እያለ የሚለቅም ልጅ መጨረሻው ላይ ሲደርስ መጀመሪያው ጠፍቶበታል።

መድኃኒቱ መድገም ነው። አጭር ጽሑፍ ወስዶ፣ አፍ እስኪፈታበት ደጋግሞ ማንበብ። እኛ ሚኒሶታ ውስጥ ይህን የተማርነው ሳሙኤልስ የሚባል የዚያው የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ ምሁር በ1979 እ.ኤ.አ. ከጻፈው ነው። እኔ ግን ሥልጠናው ላይ ቁጭ ብዬ የማስበው አባቴን ነበር። የቄስ ተማሪ ሳለ መልእክተ ዮሐንስን እስኪወጣው ነው የደጋገመው። ዳዊትንም "አነበበ" አንልም፤ "ደገመ" ነው የምንለው።

ዘዴው ይኸው። ልጁ ግን ምን ይድገም? ለሕፃን የተጻፈ ቢሰጡት ይናደዳል። ለእድሜው የተጻፈው ይከብደዋል።

መፍትሔው ከእማዬ አልጋ ሥር ወጣ። ዝናብ ጣራውን አልፎ ሲያንጠባጥብ ዕቃ ልናሸሽ ገባን። አንድ የብስኩት ቆርቆሮ አገኘን። ውስጡ ከ1993 ዓ.ም ጀምሮ ከካርቱም በሰው እጅ የላክኋቸው ደብዳቤዎች ነበሩ። በመተማ አድርጌ የወጣሁት ያን ዓመት ነው። ደብዳቤዎቹ አሥራ ዘጠኝ ናቸው። ልጁ አንዱን አንስቶ አገላበጠና "ይሄ ያንቺ ጽሑፍ ነው?" አለኝ። ወር ሙሉ ስለ ወረቀት የጠየቀኝ የመጀመሪያው ጥያቄ ነበር።

እማዬ ፊደል አልቆጠረችም። ደብዳቤዎቹን ያነቡላት የነበሩት ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ መምህር ነበሩ፤ ነፍሳቸውን ይማርና አሁን የሉም። "እስቲ አንዷን አንብብልኝ፣ አባቴ" አለችው። እኔ ቡና ልቁላ ብዬ ሆን ብዬ ወጣሁ።

ከማድቤት ሆኜ እሰማለሁ። ሲሳሳት የምታርመው እሷ ናት! ደብዳቤዎቹን በቃሏ ይዛቸዋለች። "'እንደምን ሰነበትሽ' ነው የሚለው እዚያ ላይ" ትለዋለች። "አንቺ ደግሞ በምን አወቅሽ?" ይላታል። ይስቃሉ። መልሶ ይጀምራል። እንደዚያ ስቆ ሲደግም ሰምቼው አላውቅም።

በየቀኑ ከሰዓት አንድ ደብዳቤ ሆነ። መጀመሪያ እኔ አነባለሁ፤ እሱ በጣቱ ይከተላል። ከዚያ አብረን እናነባለን። ከዚያ ለብቻው ለእማዬ ያነባል። በሳምንቱ አፉ መፍታት ጀመረ።

ሰባተኛው ደብዳቤ ላይ ግን ራስ ምታት ይዞኝ ስለነበር ደብዳቤውን አስቀድሜ ሳላነበው ለብቻው ጀመረ። ሰላምታውን ጨረሰ። ገጹን ገለበጠ። "ጋሼ፣ ከዚህ በታች ያለውን ለእማዬ አያንብቡላት" ብሎ ድምፁን ከፍ አድርጎ አነበበ። ከዚያ ዝም አለ።

እኔ ራሴ ያን መጻፌን ረስቼው ነበር። ከበታቹ ያለው በከሻ፣ ማለት ፖሊስ ስደተኛ በሚያፍስበት ጊዜ፣ ተይዤ ሦስት ሳምንት የታሰርኩበት ወሬ ነው። ወባ ይዞኝም ነበር። ጋሼ ያን ገጽ ዘለውት፣ ነገሩን ለእህቴ ብቻ ነግረው ኖሯል።

ልጁ ቀና ብሎ አየኝ። ብዙ ጊዜ ሲያቆም አይቼዋለሁ፤ ሁልጊዜ ፊደል ከብዶት ነው። ያን ቀን ግን የገባው ነገር ነው ያስቆመው። እኔም የምለው ጠፋኝ።

"ቀጥል፣ አባቴ" አለች እማዬ። "ልጄ እንደሆነች እዚህ አጠገቤ ተቀምጣለች። ምን ይመጣል?"

ቀጠለ። እጄን ይዛ እስከ መጨረሻው ሰማች። አንድም ቃል አላረመችውም፤ ይህን ገጽ በቃሏ አታውቀውማ።

ከዚያ ወዲህ አመሉ ተለወጠ። ለእማዬ ከማንበቡ በፊት በረንዳው ላይ ብቻውን ቁጭ ብሎ ይጨርሰዋል። ምን እንዳለበት አስቀድሞ ማወቅ ፈለገ። ያን እንዲያደርግ ማንም አላዘዘውም። አሥራ ዘጠኙ ሲያልቁ ከሰባቱ መጻሕፍት በጣም ቀጭኑን፣ የእግር ኳሱን መረጠ። እህቴ "ይሄ ምን ይረባዋል?" አለች፤ ተዪው አልኳት። የሳይንስ መጽሐፉ አሁንም ይከብደዋል። በእንግሊዝኛ ነው፤ ለእሱ ሌላ ክረምት ያስፈልገናል።

ሚኒያፖሊስ ከተመለስኩ በኋላ በወረቀት ደብዳቤ ጻፍኩለት። ጎንደር የሚሄድ ሰው ይዞለት ሄደ። መልሱ አንድ ገጽ ተኩል ነበር፤ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ላከልኝ። ስለ ትምህርቱ፣ ስለ ሳይክሉ፣ ስለ እማዬ ጉልበት ጽፏል። መጨረሻው ላይ ከስሙ በታች እንዲህ ይላል፦ "ከእንግዲህ ለእማዬ የማይነበብ ነገር ካለ በሌላ ወረቀት ጻፊው፤ እኔ ለብቻዬ አነበዋለሁ።"