አንድ ሊቭ ኢን፣ አራት ራስ ፀጉር

ሊቭ ኢን ኮንዲሽነር ለመጀመሪያ ጊዜ የገዛሁት ደሴ ፒያሳ አካባቢ ካለ የኮስሞቲክስ ሱቅ ነው። ሻጯ "ፀጉር ያለሰልሳል" አለችኝ። ከፍዬ ወጣሁ። ቤት ገብቼ በሻምፑ ታጠብኩ፣ ቀባሁት፣ አምስት ደቂቃ ጠብቄ አለቅልቄ አወጣሁት። እንዲህ እያደረግኩ ሦስት ወር ሄድኩ። ምንም ለውጥ የለም። ስህተቴን ያየችልኝ ኮምቦልቻ ፀጉር ቤት የምትሠራው የአክስቴ ልጅ ናት። አንድ ቅዳሜ ቤታችን መጥታ ስለቀለቅ አየችኝና "እታለም፣ ምን እያደረግሽ ነው? ይሄ እኮ አይለቀለቅም፣ ራስሽ ላይ ነው የሚያድረው" አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ዓመት አልፏል። በዚህ ጊዜ ሊቭ ኢኑን በራሴ፣ በልጄ፣ በእህቴና በእናቴ ፀጉር ላይ ሞክሬዋለሁ፣ የአክስቴን ልጅ ሲጨምር አምስት እንሆናለን። አንዳችን ላይ ያማረው ሌላችን ላይ አላማረም። ብራንድ አልጠራም፣ ምክንያቱም ያው አንዱ ጠርሙስ ነው ውጤቱ የተለያየው። ልዩነቱን ያመጣው ሲቀባ ፀጉሩ ምን ያህል እርጥብ እንደነበረ፣ መጠኑና የት ቦታ እንደተቀባ ነው።

ከልጄ ልጀምር፣ ይህን ሁሉ ያስጀመረችኝ እሷ ናትና። ሰባት ዓመቷ ነው። ፀጉሯ ከርዳዳ ነው፣ ጥቅልሉ ከክብሪት እንጨት አይወፍርም። እሁድ እሁድ ለሰኞ ትምህርት ቤት ሹሩባ ልሠራት ስቀመጥ ሚዶውን ገና ከሩቅ ስታይ ማልቀስ ትጀምራለች። እኔም በእሷ ዕድሜ እናቴ ጉልበት መሃል ተቀምጬ እንዲሁ አልቅሻለሁ። ያኔ "ፀጉርሽ ከርዳዳ ነው፣ ቻይው" ነበር የሚባለው፣ እኔም ሳላስበው ያንኑ ለልጄ እላት ነበር። አንድ ቀን "እማ፣ የኔ ፀጉር ለምንድነው መጥፎ የሆነው?" አለችኝ። መልስ አልነበረኝም። ያን ዕለት ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ፀጉሯ መጥፎ አልነበረም። ደረቅ ነበር፣ እኔም በደረቁ ነበር የማበጥራት።

ከርዳዳ ፀጉር ቶሎ የሚደርቀው በምክንያት ነው። የራስ ቆዳችን የራሱን ወዝ ያወጣል። ሉጫ ፀጉር ላይ ወዙ ቀጥ ብሎ ወደ ጫፍ ይወርዳል። ከርዳዳ ላይ ግን ፀጉሩ በየቦታው ስለሚታጠፍ ወዙ እዚያው ከሥሩ አካባቢ ይቀራል፣ ጫፉ ሳያገኘው ይውላል። መታጠፊያው ደግሞ ደካማ ቦታ ነው፣ ሲበጠር የሚበጠሰው እዚያ ላይ ነው። ሊቭ ኢኑ የሚያግዘው እዚህ ጋ ነው። ፀጉር ሲታጠብና ሲጎዳ ላዩ ኔጌቲቭ ቻርጅ ይይዛል፣ በኮንዲሽነር ውስጥ ያሉት እንደ ሴትሪሞኒየም ክሎራይድ ያሉ ነገሮች ፖዘቲቭ ናቸው። ስለዚህ ፀጉሩ ላይ ይለጠፋሉ፣ ስስ ሽፋን ይሠራሉ፣ አንዱ ዘለላ ሌላው ላይ ይንሸራተታል። ማበጠሪያው ሳይነክስ የሚያልፈው ለዚህ ነው።

መጀመሪያ ስሞክርላት ግን አበላሸሁት። ታጥባ ከደረቀች በኋላ ነበር የቀባኋት። ክሬሙ አልገባ ብሎ ላዩ ላይ ነጭ ነጭ ሆኖ ቀረ፣ ፎረፎር ያለባት መሰለች። እንደገና ማጠብ ነበረብኝ፣ እንደገና ለቅሶ።

አሁን የማደርገው እንዲህ ነው። ከታጠበች በኋላ ውሃውን በፎጣ ጨመቅ ጨመቅ አድርጌ አወጣለሁ፣ አላሽም፣ ማሸት ያቆላልፈዋል። ፀጉሯን ስድስት ቦታ እከፍላለሁ። ከዚያ አንዱን ክፍል ብቻ ይዤ ውሃ እረጭበታለሁ፣ እርጥብ ግን የማይንጠባጠብ እስኪሆን። የሻይ ማንኪያ ግማሽ የሚሆን ሊቭ ኢን መዳፌ ላይ አሽቼ ከመሃል ጀምሬ እስከ ጫፍ እቀባዋለሁ፣ ጫፉን ደገም አድርጌ፣ ምክንያቱም ጫፉ አሮጌው ፀጉር ነው፣ ብዙ ፀሐይና ብዙ ሚዶ ያየው እሱ ነው። ቀጥዬ በጣቴ እፈታዋለሁ። ከዚያ ጥርሱ ሰፋ ባለ ማበጠሪያ ከጫፉ ጀምሬ ቀስ እያልኩ ወደ ላይ እወጣለሁ። ከሥር ጀምሮ ወደ ታች መሳብ ቋጠሮዎቹን ሁሉ ወደ ጫፍ ገፍቶ አንድ ላይ ያጠብቃቸዋል፣ እኔን ሲያስለቅሰኝ የነበረውም ይኸው ነው። የጨረስኩትን ክፍል ጠምዝዤ በመቆንጠጫ እይዝና ወደሚቀጥለው አልፋለሁ። አርባ ደቂቃ ይፈጃል። በፊት ከአንድ ሰዓት በላይ ነበር፣ ያውም እየተላቀስን። አሁን አንዳንዴ ሳልጨርስ እንቅልፍ ይወስዳታል። ሹሩባውን ግን ግንባሯ ላይ አላጠብቅም፣ እየተጎተተ የሚያድግ ፀጉር ከፊት እየሳሳ ይሄዳል።

የኔ ፀጉር ከሷ ብዙም አይለይም፣ ወፈር ስለሚል ብቻ መጠኑን እጨምራለሁ። ግን የኔ ጥፋት ሌላ ነበር። ጥቅሙ እንዲበዛ ብዬ የራስ ቆዳዬን በሊቭ ኢን አሸሁት፣ እንደ ቅቤ። በሁለት ሳምንት ማሳከክ ጀመረኝ፣ ፎረፎሩም ባሰ። ፎረፎር የሚያባብሰው በሁላችንም ቆዳ ላይ የሚኖር፣ ወዝ የሚመገብ ፈንገስ ነው፣ እኔ ደግሞ ሳላውቅ ስመግበው ነበር። ቆዳውን ትቼ ፀጉሩን ብቻ መቀባት ስጀምር በረደልኝ። እናንተም ብዙ የሚያሳክካችሁ ወይም የሚቆስል ከሆነ ሌላ ቅባት ከመጨመራችሁ በፊት የቆዳ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

እህቴ ጋ ስንመጣ ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። እህቴ ሉጫ ናት፣ ዘለላውም ቀጭን ነው። ለልጄ የሠራው ለሷም ይሠራል ብዬ ያንኑ መጠን ጠዋት ቀባኋት። እኩለ ቀን ላይ ፀጉሯ ተጣብቆ ሳምንት ያልታጠበ መሰለ። በዚያ ላይ ሂጃብ አድርጋ ነበር፣ እንደረጠበ ሸፈነችው፣ የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ማታ ስትፈታው አሁንም እርጥብ ነው፣ ሽታውም ደስ አይልም። ተቆጣችኝ፣ እውነቷን ነው።

ለሷ ያገኘነው መላ ይህ ነው። ፀጉሯ ደረቅ ሊል ትንሽ ሲቀረው የሽምብራ ፍሬ የምታክል ብቻ በመዳፍ ተሽታ ከጆሮዋ በታች ያለውን ፀጉር ትነካዋለች። ከላይ ምንም። ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ አትሸፍነውም። እንዲህ ካደረገች ሂጃቡ ስር ፀጉሯ አይቆላለፍም፣ አይቆምም። ለቀጭን ፀጉር የሚረጨው አይነት ይሻላል፣ ስስ ነው፣ አይከብድም። እኔ ይህን ሳውቅ ወፍራሙን ክሬም በውሃ አቅጥኜ የሳምንቱን አንድ ጠርሙስ አዘጋጀሁላት። በሳምንቱ መጨረሻ ሽታው ተቀየረ። ለካስ ክሬሙን ከመበላሸት የሚጠብቀው ነገር ውሃ ሲበዛበት ይደክማል። ማቅጠን ካለባችሁ ለዕለቱ የሚበቃውን ብቻ አቅጥኑ፣ የተረፈውን ድፉት።

እናቴ መጀመሪያ ላይ ልትሰማኝም አልፈለገችም። "ለጋ ቅቤ እያለ ይሄን ኬሚካል?" ትላለች። እኔም ቅቤን አልንቅም። ባቲ ሰኞ ገበያ ሄዶ የአፋር ጎረምሶችን ፀጉር ያየ ሰው ቅቤ በዚያ ሐሩር ምን እንደሚሠራ ያውቃል። ግን ቅቤ ስብ ነው። ያለውን እርጥበት ይዞ ያቆያል እንጂ ውሃ ከየትም አያመጣም። ስለዚህ ደረቅ ፀጉር ላይ ሲቀባ ያብለጨልጫል፣ ውስጡ ግን ያው ደረቅ ነው። ይህን በክርክር አላሳመንኳትም። ለዒድ ዋዜማ ፀጉሯን ልሠራላት ስቀመጥ ግማሹን እንደ ድሮው በቅቤ ብቻ፣ ግማሹን ደግሞ ውሃ ረጭቼ፣ ሊቭ ኢን ቀብቼ፣ ከላይ በጣም ትንሽ ቅቤ አድርጌ ተውኩት። በሦስተኛው ቀን በእጇ ዳበሰችው፣ ግራና ቀኙን። "ይሄኛው ሸጋ ነው" አለች፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም።

ቅደም ተከተሉ ግን አይገለበጥም። አንዴ ቅቤው ሳይለቅ ሊቭ ኢን ቀባኋት፣ ስቡ ላይ ተንሸራቶ ትራሷ ላይ ቀረ። ቅቤ የለመደ ፀጉር መጀመሪያ በሻምፑ በደንብ መታጠብ አለበት፣ አንዳንዴ ሁለት ጊዜ። ሽበቷ ደግሞ ከጥቁሩ ይሻክራል፣ ከፊት ለፊት የቆመውን ለማስተኛት ጣት ጫፍ ላይ ያለ ሊቭ ኢን ይበቃዋል።

የአክስቴ ልጅ ፀጉሯን በሪላክሰር፣ ማለትም ከርዳዳን ሉጫ በሚያደርግ ኬሚካል፣ አለስልሳለች፣ በየሳምንቱም በፒያስትራ ትተኩሰዋለች። ሊቭ ኢን ካልቀባች ይሰባበራል። ሪላክሰር የፀጉሩን የውስጥ ማያያዣ ስለሚሰብር የተለሰለሰው ክፍል ወደ ድሮው አይመለስም፣ ሊቭ ኢንም አይመልሰውም፣ በማበጠሪያው እንዳይበጠስ ያግዛል እንጂ። የተሰነጠቀ ጫፍ እንደዚያው ነው፣ ለጊዜው ያጣብቀዋል፣ መድኃኒቱ መቀስ ነው። እሷ አጥብቃ የነገረችኝ አንድ ነገር አለ፦ ፀጉሩ በሊቭ ኢን እርጥብ እያለ ፒያስትራ አታስነኩት። ውስጡ ያለው ውሃ በአንዴ ይፈላና ፀጉሩን ከውስጥ ያቆስለዋል። ጢስ ሲወጣና ጭስስ ሲል ከሰማችሁ አቁሙ። ከሙቀት ይከላከላል ተብሎ ጠርሙሱ ላይ ካልተጻፈ ደግሞ ይከላከላል ብላችሁ አትመኑ።

ከሷ ጋር ስናወራ ሌላም ነገር ገባን። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ኮምቦልቻ ወደ 1,850፣ በመሃላቸው የሐረጎ ቁልቁለት አለ። በመኪና ትንሽ መንገድ ነው፣ ለፀጉር ግን ሌላ አገር ነው። እኔ ደሴ ላይ ጠዋት የተቀባሁት እስከ ቀትር አይደርቅም፣ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ እያለ መታጠብ ጀመርኩ። እሷ ኮምቦልቻ አንዱን ክፍል ቀብታ ሌላው ጋ ስትደርስ የመጀመሪያው ደርቋል፣ የውሃ መርጫዋን ከእጇ አትለይም።

ስትገዙ የጀርባውን ጽሑፍ እዩ። በብዛት ያለው ነገር መጀመሪያ ይጻፋል፣ ስለዚህ ሊቭ ኢን ከሆነ መጀመሪያ ላይ "አኳ" ማለትም ውሃ መኖር አለበት። ዘይት ወይም ቫዝሊን ከቀደመ እሱ ቅባት ነው፣ ስሙን ምንም ቢሉት። "አልኮል" የሚል ስታዩ ሁሉ አትደንግጡ፣ ሴቲል አልኮልና ሴቴአሪል አልኮል ፀጉር የሚያለሰልሱ ናቸው፣ የሚያደርቀው ሌላኛው፣ ዲናት የሚባለው አልኮል ነው፣ እሱም ከላይኞቹ መሃል ሲሆን። አዲስ ነገር ከሆነ ከጆሮ ጀርባ ትንሽ ቀብታችሁ አንድ ቀን ጠብቁ፣ በተለይ ለልጅ። እኔ ለልጄ ሳልሞክር የምቀባት ነገር የለም።

በሳምንት አንዴ ነው የምንታጠበው፣ ሊቭ ኢኑም ያኔ ነው የሚቀባው። መሃል ላይ ሲደርቅብን ውሃ ብቻ እንረጫለን፣ ፊት የተቀባው ሊቭ ኢን በውሃው እንደገና ይለሰልሳል። ድሮ በየቀኑ እጨምርበት ነበር፣ ፀጉሬ ደነዘዘ፣ ሰም የተቀባ መሰለ፣ ጠርሙሱም በወሩ አለቀ። አሁን ለሦስታችን ሁለት ወር ይሄዳል።

ያለን ሊያልቅ ደርሷል። በዚህኛው ሁለት እገዛለሁ፣ ለእኔና ለልጄ ወፍራሙን፣ ለእህቴ የሚረጨውን። እናቴም ትናንት ስወጣ ከኋላዬ ጠርታኝ "ሽታ የሌለው ካገኘሽ ለኔም ያዢልኝ" ብላኛለች።