ድንች፣ አቡጀዴና የልጄ መጋረጃ

ለልጆች ክፍል ተሠርቶ የሚሸጠው መጋረጃ ወይ ካርቱን የተሞላ ፖሊስተር ነው፣ ወይ ዋጋው የማይቀመስ። የእኔዋ ልጅ ደግሞ ዔሊ አማራት። ዔሊ ያለበት መጋረጃ ከየት ይመጣል? አቡጀዴ ገዝቼ ራሴ ላትም ተነሣሁ።

አቡጀዴ ጥጥ ስለሆነ ቀለም ይጠጣል፣ ካውያም ይችላል። ከሱቅ እንደመጣ ግን አይታተምበትም፤ አሚዶ ስላለው ቀለሙ ላይ ላዩን ይቀርና ይረግፋል። በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥቤ፣ አድርቄ ተኮስኩት። ጥጥ በመጀመሪያው እጥበት ይሰበሰባል፤ ስለዚህ መለካት ከዚያ በኋላ ነው። መስኮቱ ወርዱ 1 ሜትር ከ20 ነው። ጨርቁን እጥፍ፣ 2 ሜትር ከ40 አደረግኩት፤ መጋረጃ ካልተሸበሸበ የተሰጣ አንሶላ ነው የሚመስለው። የሰፈራችን ልብስ ሰፊ ደግሞ «እህቴ፣ ከታች 15 ሳንቲ ሜትር ባዶ ተይልኝ፤ አለዚያ ዔሊሽን አጥፌ ነው የምሰፋት» አለኝ። ተውኩለት።

ለሁለት የተቆረጠ ድንች ቅርጹ በራሱ የዔሊ ጀርባ ነው። በትንሽ ቢላ መስመሮቹን ጫርኩበት። ከዚያ የተቆረጠውን ፊት ደረቅ ጨርቅ ላይ ደፍቼ ግማሽ ሰዓት ያህል ተውኩት። ድንቹ ውሃውን ካልተፋ ቀለሙ ይንሸራተታል፣ ጠርዙም ይፈሳል። የጨርቅ ቀለሙን በስፖንጅ ስስ አድርጋችሁ ቀቡት። ከበዛ መስመሮቹን ይሞላቸውና ዔሊዋ እብጥ ያለች ነጠብጣብ ሆና ትቀራለች።

ትልቁን ልዩነት ያመጣው ግን ከጨርቁ ሥር ያነጠፍኩት ነው። ባዶ ጠረጴዛ ላይ የድንቹ መሀል በደንብ አይነካም። ብርድ ልብስ አጥፌ፣ በላዩ አሮጌ አንሶላ ወጥሬ ሠራሁ። ሕንድ ራጃስታን ውስጥ፣ ባግሩ በምትባል ከተማ በእንጨት ማኅተም ጨርቅ የሚያትሙ ባለሙያዎችም ጠረጴዛቸውን ድርብርብ ጨርቅ ያለብሱታል፤ ማኅተሙንም ከጀርባው በእጃቸው መታ ያደርጉታል። እኔም ድንቹን መታ ሳደርገው መሀሉ ቁልጭ ብሎ ወጣ።

«እማ፣ በምን ትሂድ?» አለች ልጄ፣ እግር የሌላትን የመጀመሪያ ዔሊ አይታ። ትንሿን ጣቷን ቀለም አስነክቼ እግሮቹን እንድታትም ሰጠኋት፤ ጭንቅላቱን በአውራ ጣቷ። አምስት እግር ያላቸው ዔሊዎች አሉን። ማን ይነካቸዋል!

አሁን ቀለም ለምትመርጡ አንድ ነገር ልበል። መጋረጃ ላይ ቀን ቀን ብርሃን የሚመጣው ከጀርባ ነው። ጠረጴዛ ላይ ያማረ ቀለም መስኮት ላይ ሌላ ነገር ይሆናል። ቁራጭ ጨርቅ ላይ የምፈልጋቸውን ቀለሞች አትሜ፣ ጠዋት መስኮቱ ላይ ዘርግቼ አየሁ። ፈዛዛው ቢጫ ድራሹ ጠፋ። ነጩ፣ የሚገርመው፣ ግራጫ ጥላ ሆኖ ታየ። ጠቆር ያለው አረንጓዴና ሰማያዊ ግን ቅርጻቸውን ያዙ፤ እነሱን መረጥኩ። ነጭ ገበርም አስጨመርኩበት። ብርሃኑን ይቀንሳል፣ ቀለሙም ቀን ላይ ቀለም ይመስላል። ጠዋት ትንሽ መተኛትም አለ።

ቀለሙ አድሮ ሲደርቅ፣ በማግስቱ ከጀርባው በኩል ያለ እንፋሎት ተኮስኩት፤ ካውያውን ሳላቆም፣ እያንዳንዱን ቦታ ለጥቂት ደቂቃ። ትክክለኛውን ጊዜ የቀለሙ ጠርሙስ ላይ አንብቡ፤ ከዓይነት ዓይነት ይለያያል። ሳይተኮስ ከታጠበ ልፋቱ ሁሉ ገደል ገባ።

ስሰቅለው መሳቢያ ገመድ አላደረግኩለትም። የሚንጠለጠል ገመድ የሕፃን አንገት ላይ ሊጠመጠም ይችላል፣ የልጄ አልጋ ደግሞ መስኮቱ ሥር ነው። ብረቱ ላይ በቀለበት ስለሚሄድ ራሷ ትከፍተዋለች፣ ራሷ ትዘጋዋለች።

ከጨርቁ የተረፈ አለ። ለትራስ ልብስ ቀጭኔ ታዝዣለሁ። የቀጭኔ አንገት በድንች ስለማይሆን ካሮት በቁመቱ ሰንጥቄ ልሞክር ነው።